ደጉ አለቃችን ያገኘው ነጥብ

ባለፈው ክረምት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጅማ ወደምሠራበት ቢሮ መጣች። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። መጠይቋን በፌስታል ጠቅልላ ነው ያመጣችው። የምታጠናው ስለ አመራርና ስለ ሥራ ቦታ ሥነ ምግባር ነው።

የጅማ ሰው ለመጠይቅ አዲስ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው የሚታወቀው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት በሚለው አካሄዱ ነው። ተማሪዎቹ ሳይመረቁ በየሰፈሩ ይወጣሉ። ስለ መጸዳጃ ቤታችን፣ ስለ ልጆቻችን ክትባት፣ ስለምንጠጣው ውሃ ያልጠየቁን የለም። ወጣት ደብተር ይዞ ሲያንኳኳ «ደግሞ መጣችሁ?» እያሉ ቡና የሚያቀርቡ እናቶች አውቃለሁ። የቢሮ መጠይቅ ግን ሌላ ነው። እዚህ የሚጠየቀው ስለ አለቃ ነው።

ነገሩ የሄደው እንዲህ ነው። ልጅቷ የትብብር ደብዳቤ ይዛለች። ደብዳቤው የተጻፈው ለቢሮው ኃላፊ ነው። ኃላፊው ጥግ ላይ «ይተባበሩ» ብሎ ፈረመ። ጸሐፊዋ መጠይቁን አደለች። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለእኔ መልሱልኝ» አለች። ለእሷ! የአለቃው በር ላይ ለምትቀመጠው ለእሷ።

አራት ሰዓት ላይ ቡና እየጠጣን ሞላነው። ምርጫው ከ1 እስከ 5 ነው። 1 «በጣም አልስማማም»፣ 5 «በጣም እስማማለሁ»። አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ አንገቱን አስግጎ «ስንት አልክ?» አለኝ። ልክ እንደ ማትሪክ ኩረጃ። ሁላችንም 4 ላይ አከበብን። የእውነት እንዲመስል ደግሞ እዚህም እዚያም 5 ጣል አደረግን።

እንግዲህ የኛ ቢሮ አመራር አማካይ ውጤቱ ከ4 በላይ ሊሆን ነው። ኮምፒውተሩ ምን ቸገረው፣ የሰጡትን ያሰላል።

ልጅቷን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። እኔም የተመረቅኩት እንዲሁ አድርጌ ነው። እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነገር ነው። አለቃችን ሌባ አይደለም። እንዲያውም ደግ ሰው ነው። ግን ጥያቄዎቹን ቀስ ብዬ ሳነባቸው፣ እውነቱን ብንመልስ ይወድቅ ነበር።

ጥሩ ሰው እና ጥሩ ኃላፊ

በዚህ ርዕስ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አዘውትረው የሚጠቀሙበት አንድ መለኪያ አለ። ማይክል ብራውን፣ ሊንዳ ትሬቪኞ እና ዴቪድ ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ነው (የውጭ አገሩን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ጥያቄዎቹ 10 ብቻ ናቸው። አንዳንዶቹ የምንጠብቃቸው ዓይነት ናቸው። የግል ሕይወቱን በሥነ ምግባር ይመራል ወይ? ፍትሐዊ ውሳኔ ይሰጣል ወይ? እዚህ ላይ አለቃችን ይደላደላል። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ አታውቅም። በባጃጅ ነው የሚሄዱት። ማንም ሰው ስጦታ ይዞ ቤቱ ሲገባ አልታየም።

ሌሎቹ ጥያቄዎች ግን ሌላ ነገር ይጠይቃሉ። የሥነ ምግባር ደንብ የጣሰውን ሠራተኛ ይቀጣል ወይ? ስለ ሥነ ምግባር ከሠራተኞቹ ጋር ይነጋገራል ወይ? ሠራተኛ የሚለውን ያዳምጣል ወይ? ስኬትን በውጤቱ ብቻ ሳይሆን በተገኘበት መንገድም ይለካል ወይ?

ትሬቪኞና ባልደረቦቿ ቀደም ብለው በ2000 የጻፉት ነገር ይህን ግልጽ ያደርገዋል። የሥነ ምግባር መሪ የሚባለው በሁለት እግር የሚቆም ነው አሉ። አንዱ እግር ጥሩ ሰው መሆን ነው። ሁለተኛው ጥሩ ኃላፊ መሆን ነው። ይኸውም ትክክል የሆነውን በሥራው ላይ ማሳየት፣ ስለሱ ጮክ ብሎ መናገር፣ ያጠፋውን መቅጣት፣ ያላጠፋውን ማመስገን። ሁለቱም የሌሉት መጥፎ መሪ ነው። አፉ ብቻ ያለው ግብዝ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ምንም የማይናገረውን ደግሞ ገለልተኛ ይሉታል። ሠራተኛው አለቃው ምን እንደሚያስብ ስለማያውቅ «ለሱ ግድ አይሰጠውም» ብሎ ይደመድማል።

እኛ አገር ይህ ዓይነቱ አለቃ የሚወቀስ ሳይሆን የሚመረቅ ነው። «ማንንም አይነካም፣ ማንንም አይናገርም» እንላለን። ሲዛወር ለሽኝቱ ገንዘብ እናዋጣለን። እያለቀስን ጭምር።

አንድ ነገር ላንሳ። ከዓመታት በፊት የመስክ ሥራ ነበር። 5 ቀን ተብሎ አበል ተጠየቀ። የፈጀው 2 ቀን ነው። ሁላችንም እናውቃለን፣ አለቃችንም ያውቃል። ሰነዱ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ብዙ አየው። ተነፈሰ። «በሰው እንጀራ አልገባም» አለና ፈረመ። ለራሱ አንድ ሳንቲም አልወሰደም። ከሄዱት መካከል ግን አንድ አዲስ የተቀጠረ ልጅ ነበር። የ3 ቀኑን ተመላሽ አድርጎ ደረሰኝ አስቆረጠ። ምን አገኘ? ማንም አላመሰገነውም። ቢሮው ሁሉ «ፋራ» ብሎ ሳቀበት። አለቃው ሳቁን ሰምቶ ዝም አለ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ልጁም ደርሶት መስክ ወጣ። እሱም 5 ቀን ብሎ ሞላ።

አልበርት ባንዱራ የሚባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ሰው አብዛኛውን ነገር የሚማረው ሌላውን እያየ ነው ይላል። ማን ተሸለመ? ማን ተቀጣ? ማን ተሳቀበት? የ2005ቱ ጥናት የቆመውም በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ልጁ በዚያ ቀን የተማረውን ትምህርት የትኛውም የሥነ ምግባር ሥልጠና አይፍቀውም።

ስለ ሥልጠና ካነሳን፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ተለጥፈዋል። ቅንነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት እያለ ይወርዳል። አርአያ ሆኖ መምራትም ከነሱ አንዱ ነው። ወረቀቱ መጥፎ ነው አልልም። ነገር ግን በ2001 መጨረሻ ላይ በማጭበርበር የፈረሰው የአሜሪካው ኤንሮን ኩባንያም 64 ገጽ የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው። በሚያምር ወረቀት የታተመ። የኛ ገና በላሜኔሽን ነው።

ማታ የሚጠየቀው ጥያቄ

ከቢሮ እንውጣና ቡና ውስጥ እንግባ። ጅማ ሆኖ ቡና ሳያነሱ መጨረስ ነውር ነው።

አንድ ዘመዴ በእሸት ቡና መፈልፈያ ላይ ይሠራል። በለቀማ ወቅት ከጠዋት እስከ ማታ ሚዛን ሥር ነው። እሸት ቡና ጊዜ አይሰጥም። የተለቀመው በዚያው ቀን መፈልፈል አለበት። ካደረ ይበላሻል። ቀይና አረንጓዴ ፍሬ ከተቀላቀለ ደግሞ ጣዕሙ ይወርዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ቀይ ብቻ ነው የምንገዛው፤ በገበሬው ሚዛን አትጫወቱ» ይላል። ጥሩ ንግግር ነው። ከልቡም ይመስለኛል።

ማታ ሲደውል ግን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ስንት ኪሎ ገባ?»

ስንቱ ቀይ እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። ያዘነ ገበሬ እንዳለ ጠይቆ አያውቅም። ኪሎው ካነሰ ድምፁ ይለወጣል። ዘመዴ ሞኝ አይደለም። ደንቡ የጠዋቱ ንግግር እንዳልሆነ በ3 ቀን ውስጥ ገባው። ደንቡ የማታው ስልክ ነው።

ይህን ምርምሩም ያውቀዋል። ሞሪስ ሽዋይትዘርና ሁለት ባልደረቦቹ በ2004 ባወጡት ጥናት ሰዎች ከተሰጧቸው ፊደላት ቃላት እንዲመሠርቱ አደረጉ። ለአንዳንዱ ቁርጥ ያለ ግብ ተሰጠው። ለአንዳንዱ «የቻልከውን ያህል ሞክር» ብቻ ተባለ። ውጤታቸውን የሚመዘግቡት ራሳቸው ነበሩ። ግብ የተሰጣቸው የበለጠ ዋሹ። በተለይ ግቡን ለጥቂት የሳቱት። አንድ ቃል የጎደለው ሰው ያቺን አንድ ቃል ይጨምራታል።

ይህን ያነበበ የመንግሥት ሠራተኛ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ። ሁሉም የአሠራር ማሻሻያ ተብለው ይዘው የመጡት ሠንጠረዥ ነው። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ አፈጻጸሙ 87 በመቶ ከሆነ አንድ ሰው «ትንሽ እናሳምረው» ይላል። ማንም «እንዋሽ» አላለም። እናሳምረው! በአሜሪካም የዌልስ ፋርጎ ባንክ ሠራተኞች በሽያጭ ኮታ ተወጥረው ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሂሳብ ይከፍቱ ነበር። በ2016 ጉዳዩ ይፋ ሲሆን ወደ 5,300 ሠራተኞች መባረራቸውና 185 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት መጣሉ ተነገረ። በመጀመሪያ የተባረረው በአብዛኛው የታችኛው ሠራተኛ ነው። ኮታውን ያወጣው አይደለም።

«እናሳምረው» የምትለዋን ቃል ትንሽ እንያት። ባንዱራ ሰው ኅሊናውን ሳያቆስል የሚያጠፋባቸውን መንገዶች ዘርዝሯል። አንደኛው ለመጥፎው ነገር ጥሩ ስም ማውጣት ነው። አማርኛችን በዚህ በኩል አይታማም። ጉቦን «ሻይ ቡና» እንለዋለን። «እጅ መንሻ» እንለዋለን። ዘመድ መቅጠር «የኛን ልጅ ማስገባት» ነው። ሌላው መንገድ ኃላፊነትን ወደ ላይ መወርወር ነው። «ከላይ የወረደ ነው» ስንል ነገሩ ያበቃል። ላይ ያለው ማን ነው? የት ነው ቢሮው? ማንም አይጠይቅም። ሦስተኛው ኃላፊነትን መበተን ነው። ለዚህ ኮሚቴ የሚባል መድኃኒት አለን። ሦስት ፕሮፎርማ ይመጣል፣ ሦስቱም የአንድ ሰው ሱቅ ናቸው፣ አምስት ሰው ይፈርማል። ስህተቱ ሲወጣ አምስቱም «ኮሚቴው ነው የወሰነው» ይላሉ። ኮሚቴው ማን ነበር? እነሱው።

እነዚህ ቃላት ከሠራተኛው አፍ አይጀምሩም። አንድ ሠራተኛ «እናሳምረው» የሚለው አለቃው ሲለው ስለሰማ ነው። ዴቪድ ሜየርና ባልደረቦቹ በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህን ያያል። የላይኛው አመራር ሥነ ምግባር ሠራተኛው ጋ የሚደርሰው በቅርብ አለቃው በኩል ነው ይላል። «አሳ ግማቱ ካናቱ» የምንለው ልክ ነው። ግን ግማቱ ዘሎ ጭራው ጋ አይደርስም፣ በመሀል ያልፋል። የክፍል ኃላፊው፣ የቡድን መሪው፣ ሚዛን ሥር የሚቆመው ሰው መሀል ናቸው። ለሥልጠና ሲጠራ ግን ወይ ዋናው ይሄዳል፣ ወይ ሥራ የሌለው።

ለምን ዝም አልን?

ወደ መጠይቁ ልመለስ። 4 ላይ ያከበብነው ለምንድነው? መልሱ ቀላል ይመስላል። ፈራን። ግን ምን ፈራን? አለቃችን እኮ ደግ ነው አልኩ።

ሆፍስቴድ የተባለው የኔዘርላንድስ ተመራማሪ በ1967 እና 1973 መካከል የአይቢኤም ሠራተኞችን በብዙ አገር አስጠይቆ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ በአጭሩ ሠራተኞች ከአለቃ ጋር አለመስማማታቸውን ለመግለጽ ምን ያህል ጊዜ ይፈራሉ የሚል ነው። በዚህና በሌሎች ጥያቄዎች በአለቃና በሠራተኛ መካከል ያለውን ርቀት ለካ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ርቀቱ ሰፋ ማለት ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ብሎ ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ዛምቢያን አንድ ላይ ጠቅልሎ 64 ሰጣቸው። ለዴንማርክ 18 ነው የሰጠው። እውነቱን ለመናገር በዚህ ቁጥር ብዙ አልተማመንም። አራት አገር እንደ አንድ ከረጢት፣ ያውም ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ ያውም የኮምፒውተር ኩባንያ ሠራተኛ። ጥያቄው ግን ወርቅ ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ብሎ ላደገ ሰው መልሱ አይጠፋውም።

ችግሩ ለመናገር መድረክ ማጣታችን አይደለም። ግምገማ የሚባል ነገር አለን። ሂስና ግለ ሂስ አለን። በግምገማ ላይ ሰው እየተነሳ አለቃውን «ሥራ በጣም ታበዛለህ፣ ለጤናህ አታስብም» ብሎ ሲሂስ ሰምቻለሁ። ስብሰባው አልቆ ቡና ላይ ስንቀመጥ ነው እውነተኛው ግምገማ የሚጀመረው። ቢሮው ያለበትን ችግር ሁሉ፣ ማን ምን እንደወሰደ፣ የትኛው ጨረታ እንዴት እንደሄደ፣ ሁለተኛው ስኒ ሳያልቅ ትሰማለህ። መረጃው አለ። ወደ ላይ የሚወጣበት ደረጃ ነው የሌለው።

ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1996 ያወጣችው ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በሁለት ሆስፒታሎች ስምንት ክፍሎችን ይዛ በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ የሚፈጠሩ ስህተቶችን አየች። የጠበቀችው ጥሩ ቡድን ያለው ክፍል ትንሽ ስህተት ይኖረዋል ብላ ነው። የወጣው ተቃራኒው ነው። ጥሩ የሚግባቡት ክፍሎች የመዘገቡት ስህተት ከፍ ያለ ሆነ። ነገሩን ስትመረምረው እነዚያ ክፍሎች የበለጠ የሚሳሳቱ ሳይሆኑ የበለጠ የሚናገሩ ሆነው ታዩ። ነርሷ «ተሳስቻለሁ» ስትል ራሷን የሚቆርጣት የለም። የሌላው ክፍል መዝገብ ንጹሕ የሆነው ሁሉም ስለሸሸገ ነው። በ1999 ይህንኑ ሐሳብ በአንድ ፋብሪካ 51 ቡድኖች ላይ አይታ አጠናከረችው።

አሁን የኛን ቢሮ 4 ከ5 በዚህ ዓይን እዩት። ንጹሕ መዝገብ ነው። ሁሉም የተስማማበት። ብዙ ቅሬታ ያለበት ቢሮ ከኛ ሊሻል እንደሚችል ውጤቱን ለሚያነቡት ማን ይነግራቸዋል?

ስለ ጠቋሚዎች ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 699/2003 የምስክሮችንና የወንጀል ጠቋሚዎችን ጥበቃ ይደነግጋል። ጥሩ ነው። ቃሉ ግን ይከብዳል። «ጠቋሚ» የሚለው ቃል በኛ ጆሮ ጥሩ ታሪክ የለውም። ሌሎቹ ደግሞ ይብሳሉ። አሳባቂ፣ ነገረኛ፣ ወሬ አቀባይ። እውነት ተናግሮ ያጋለጠ ሰውን በአንድ ቃል የሚያከብር ስም ፈልጌ አጣሁ። ከሕጉ በፊት እዚያ ላይ ነው የምንወድቀው። አለቃችንን የፈራነው ይቀጣናል ብለን አይደለም። እሱ አይቀጣም። የፈራነው እርስ በርሳችንን ነው። 2 ላይ ያከበበ ሰው ማን እንደሆነ ቢታወቅ ነገረኛ ይባላል፤ ቡና ላይ እሱ ሲመጣ ወሬው ይቋረጣል። ደጉ አለቃ ደግሞ ይህን አይቶ ዝም ይላል።

አንድ ቅርንጫፍ ልጨምር፣ ምክንያቱም የዘንድሮ ወሬያችን ኑሮ ነው። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የደመወዝ ነገር ሳይነሳ የሚውል ቀን የለም። ብዙ ሰው «በዚህ ደመወዝ ሥነ ምግባር ትላለህ?» ይለኛል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ግን ጄራልድ ግሪንበርግ በ1990 ያሳተመው ጥናት እዚህ ላይ አንድ ነገር ይላል። አንድ ኩባንያ ሥራ ስለቀነሰበት በሁለት ፋብሪካዎቹ ለ10 ሳምንት ደመወዝ 15 በመቶ ቆረጠ። በአንደኛው ዋናው ኃላፊ ራሱ መጣ፣ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ ብሎ የገቢውን ሁኔታ አሳየ፣ ማዘኑን ተናገረ፣ ጥያቄ መለሰ። በሌላኛው በ15 ደቂቃ ተነግሮ አለቀ። የተቆረጠው እኩል ነው። በሁለቱም ስርቆት ጨመረ። በሁለተኛው ግን በጣም ጨመረ። ማብራሪያ ዳቦ አይገዛም። ሆኖም የተናቀ ሰው እጁ ይረዝማል።

በኛ ቢሮ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲቀር የተነገረን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈች ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው። ከላይ የወረደ መሆኑ ተጠቅሷል።

በዚህ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሌላ ተማሪ መጣ። ተመሳሳይ ርዕስ፣ እነዚያው 10 ጥያቄዎች። ይኼኛው ግን ለየት ያለ ነገር ይዟል። ለእያንዳንዳችን ሙጫ ያለው ፖስታ ሰጠን። ስም አትጻፉ አለ። ለጸሐፊዋ አትስጡ፣ እኔ ራሴ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆሜ እቀበላለሁ አለ። አማካሪው እንዳዘዘው ነገረን። ስለ አለቃ የሚሞላ መጠይቅ በአለቃ እጅ ካለፈ ጥናት አይደለም ብሎታል።

ያን ቀን ቡና ላይ ማንም «ስንት አልክ?» አላለም። ጡረታዋ የደረሰ አንዲት ባልደረባችን፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ልጁን ጠርተው «ልጄ፣ ይሄ በእርሳስ ነው በእስኪሪብቶ?» አሉት። በእስኪሪብቶ ይሁን አላቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውን ሞሉና ፖስታውን በምላሳቸው አሸጉት።

እኔ የቅጣቱን ጥያቄ ላይ 1 አከበብኩ። የግል ሕይወቱን ላይ 5።